በእኔ ድምፅ ያደመጠ ማን ነው?

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣ ደብሊን

ዳዊት አስደግሜ ያሳደግሁሽ የእኅቴ ልጅ ሆይ፣ በሰው አገር መውጣትሽንም መግባትሽንም የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለየው። እኔም ባለቤቴ ሸዋዬም በጤና አለን፤ ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ብርድ እግሬን ከመያዙ በቀር የሚነገር ሕመም የለብኝም።

በስልክ ልታስረጂኝ ስትጀምሪ ያቋረጥሁሽ ንቄሽ አይደለም። ቁም ነገር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ቆይቶ የተባለውና ያልተባለው አይለይም ብዬ ነው። በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ፤ አንቺም በደብዳቤ መልሺልኝ።

የተረዳሁትን ልድገመው። የምትሠሪበት ታላቅ የኮምፒውተር ኩባንያ እስከ ዛሬ የሰውን መልእክትና ፎቶ ሲያከማች ኖሮ፣ አሁን ወደ ሕክምና ገብቷል። በባሕር ዳር ዙሪያ ላሉ ጤና ጣቢያዎች የሕሙማንን መዝገብ ይይዛል። ሐኪም የራቀው ሰው ደግሞ በተራ ስልክ በነጻ ቁጥር ደውሎ ሕመሙን ሲናገር፣ ማሽኑ በአማርኛ ይመልስለታል። የማሽኑ ድምፅ የእኔ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። የተጻፈውን ሳነብ ትቀርጹኛላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ እኔ ያላነበብሁትንም ቃል በእኔ ድምፅ ይናገራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ዕረፍት ነሥቶኝ ሰነበተ። ይሁን እንጂ የቀድሞውን ድምፅ ሰማሁት። «እባክዎ የሕመም ምልክትዎን ይግለጹ» ይላል። መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛ እንኳ ከዚህ የለዘበ ቃል አያጣም። እንዲህ የተጠየቀች የገጠር ሴት ስልኩን ዘግታ ሕመሟን ታቅፋ ትተኛለች። ስለዚህ እሺ ብያለሁ። ገንዘብ አልቀበልም። ጽሑፉን ግን እኔ አርመዋለሁ፤ መግቢያውም «ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ሳትፈሪ፣ ሳታፍሪ ንገሪኝ» ይሁን፤ ለወንድም በወንድ አገባብ።

ይህን ጮክ ብዬ ስለማመድ ሸዋዬ ከጓዳ ሰማችኝ። «እኔን አንድ ቀን ምን ሆንሽ ብለውኝ አያውቁም፤ ለማሽን ሊያስተምሩት ነው?» አለች።

አጎትሽ ቀሲስ ወልደ ሐዋርያት



ደብሊን
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የመስቀልዎ በረከት ርቀት ሳይከለክለው ይድረሰኝ። የእትዬ ሸዋዬንም ጉልበት ስሜያለሁ።

ቀረጻው ደርሶናል። ድምፅ ቀራጮቹ የአንድ ሆቴል ክፍልን ግድግዳ በፍራሽ ከልለው እንደ ቀረጹዎ፣ «ይድገሙት» ሲሉዎም «ምን ጎደለውና?» ብለው እንዳስደነገጧቸው ነገሩኝ፤ ብቻዬን ሣቅኩ። የቡድናችን ኃላፊ አማርኛ አትሰማም። መግቢያውን ስታደምጥ ግን ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣ «ምን እንዳሉኝ አላውቅም፤ ግን ልነግራቸው ፈለግኩ» አለች።

ቁጥሩ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ በአንበሳሜና በዱርቤቴ አካባቢ ተከፍቷል። አንዲት እናት የሕፃኗን አተነፋፈስ ነግራ፣ ማሽኑ «አሁኑኑ ተነሺ፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አላት። ወሰደችው፤ ተረፈ። አጎቴ፣ እርስዎ ተኝተው ሳሉ ድምፅዎ ሕፃን አዳነ። እኔን «ለፈረንጅ ኩባንያ ታገለግላለች» ለሚሉኝ እስከ ዛሬ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ።

ልጅዎ ሩሐማ



ባሕር ዳር
መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም የሚያስፈጽም አምላክ ጉልበትሽን ያጽናው።

የሕፃኑን ነገር ለሸዋዬ አነበብሁላት፤ አለቀሰች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬንም አልሰውርሽም። ነገር ግን ሌላ ነገር መጥቷል፤ ሥራዬን በሙሉ ልብ እንዳልሠራ አድርጎኛል።

በአንበሳሜ ካገለገልሁበት ጊዜ ጀምሮ የንስሐ ልጄ የሆነው ሀዲስ የሚባል ገበሬ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ጠበቀኝ። መስቀል ተሳልሞ፣ «አባቴ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁና ይፍቱኝ» አለ።

«የምን ቀኖና?»

«የሰጡኝን ነዋ! ጨው ተው አሉኝ፤ ይኸው አልጫ ስበላ ከረምሁ። በእግርህ ሂድ አሉኝ፤ መኪና እስከምይዝበት እስከ ሐሙሲት በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«መቼ ነው ይህን ያልሁህ?»

«በስልኩ ነዋ አባቴ! ከወንድሜ ጋር በድንበር ተጣልቼ ዱላ እንዳነሣሁበት ነገርሁዎ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ይመታል፣ ራሴን ይወጋኛል አልሁዎ። አይ፣ እርስዎ ደግሞ ረስተውታል!»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሰውየው ኃጢአቱን ለእናንተ ማሽን ተናዝዞ፣ ማሽኑ ለደም ግፊት የሰጠውን ምክር የኃጢአት መካሻ አድርጎ ተቀብሎታል። «ያ እኔ አይደለሁም፤ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ» ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ግን ራሱን እያከከ፣ «የስልኩ እርስዎ ይሻላሉ፤ አይቆጡም» ብሎኝ ሄደ።

ሸዋዬ እስክትወድቅ ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። ስንት ሰው እንዲህ አድርጎ ይሆን? የተናገረውስ የት ተቀምጧል? ልጄ፣ በመግቢያው ላይ ይህን አስገቡ፤ «እኔ ማሽን ነኝ እንጂ ካህን አይደለሁም፤ ከሕመማችሁ በቀር ምስጢራችሁን አትንገሩኝ»። እኔው አነብበዋለሁ። ቶሎ ይሁን።

አጎትሽ



ደብሊን
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ሐሳብዎን አቅርቤዋለሁ። በጥቂት ደዋዮች ላይ «እኔ ማሽን ነኝ» የሚለው ተሞክሮ፣ አብዛኞቹ ወዲያው ስለ ዘጉ ለጊዜው ቆይቷል። በእርስዎ ድምፅ ሰዎች እስከ መጨረሻው ይናገራሉ፤ እስከ መጨረሻው የተናገረ ደግሞ በትክክል ይረዳል። ጉዳዩ እየታየ ነው።

በጎንደር በኩል ሥራው ስለሚሰፋ ጥቂት ተጨማሪ ንባብ ቢያደርጉልን ይሉዎታል። ኃላፊዬ ሰላም ብላለች።

ልጅዎ ሩሐማ



ባሕር ዳር
ሰኔ ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለሩሐማ

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ሸጊቱን ታውቂያታለሽ። በልጅነትሽ ወደ አንበሳሜ ስወስድሽ ጸጉርሽን የምትሠራሽ ልጅ ነበረች። ዛሬ የክንዱ ሚስት ናት፤ ሁለቱም የንስሐ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ክንዱ እቤቴ ድረስ መጣ። አልተቀመጠም። መስቀልም አልተሳለመም።

«አባ፣» አለኝ፤ አባቴ አላለኝም። «ሚስቴ ለንስሐ አባቷ የነገረችው ነገር በጤና ጣቢያ ሠራተኛ እጅ ተይዞ ቤቴ ገባ። እንዴት ነው ይኼ?»

ያስቀመጥሁለትን ውኃ ሳይነካ ነገረኝና ሄደ። እኔም በማግሥቱ ተነሥቼ ወደ አንበሳሜ ሄድሁ። የጤና ሠራተኛዋ ፀሐይወርቅ ቅን ልጅ ናት። «አባቴ፣ እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለችኝ። ከእናንተ ማሽን «መድኃኒት ያቋረጠች፣ በአስቸኳይ» የሚል መልእክት ከነስሟ ደረሳት። መድኃኒቱን ይዛ ሄደች። ክንዱ እቤት ነበር። ሸጊቱ ያ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳላት ባሏ እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር።

የቀረውን ገበያው ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር፤ ጆሮዬን ከለከልሁ። ሸጊቱ ወደ ዱርቤቴ፣ ወደ እኅቷ ቤት ሸሽታለች። መድኃኒቱን ጥላው ሄዳለች።

አሁን በአንበሳሜ፣ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ንስሐ ያወጣል ይባላል። በክህነት ዘመኔ ሁሉ ለሚስቴ እንኳ ያላወጣሁትን! አልነገረችኝም ብል፣ የነገረችው ነገር እንደ ነበረ በአፌ አጸናለሁ። ነግራኛለች ብል ሐሰት ነው። ዝም ብል አመነ ይባላል። አንድ ነገር ግን ከማንም አላላክክም፤ «ሳትፈሪ፣ ሳታፍሪ ንገሪኝ» የሚለው ቃል በንስሐ ጊዜ የምለው ቃል ነው። ዘበኛውን አባርሬ ካህኑን በበሩ ያቆምሁት እኔ ነኝ።

ሸጊቱ የተናገረችው ሁሉ ይጥፋ። ድምፄም ይውጣ። እናንተ ዘንድ ይህን የሚያዝዝ ማን እንደ ሆነ ንገሪኝና ለእርሱ እጽፋለሁ።

ወልደ ሐዋርያት



ደብሊን
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቡራኬዎን አይንፈጉኝ።

ኔትወርክ ጠፍቶ ደብዳቤዎ ዘገየብኝ ማለት እችል ነበር፤ ውሸት ይሆናል። በማግሥቱ ደርሶኛል። መልስ ስላልነበረኝ ነው የቆየሁት።

የታማሚ መዝገብ በሌላ ሰው ጥያቄ አይጠፋም፤ ሕጉ ነው። ይጥፋልኝ ማለት የምትችለው ራሷ ሸጊቱ ብቻ ናት። የምትጠይቀውም በዚያው ቁጥር ደውላ ነው። ይህን ሳነብ እኔም አፈርኩ። ድምፅዎን ስለማውጣት ግን እየተከራከርኩ ነው፤ «ውል ፈርመዋል» ይሉኛል።

ሌላ ነገር አለ። ማሽኑ ምን እንደ ሠራ እንድመረምር ታዘዝኩ፤ ሸጊቱ የተናገረችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥኩት። ብዙ ነው፤ የመድኃኒቱ ነገር ጥቂቱ ነው።

አጎቴ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ሸጊቱ በየበዓሉ ከፊትዎ ትቆም ነበር። ይህን ሁሉ ለምን ለእርስዎ አልነገረችም? እኔ አውቃለሁ፤ እኔም ሳድግ የነገርኩዎ ጥቂት ነው። ያን መግቢያ ለቀራጮቹ ያነበቡበትን ለስላሳ ድምፅ በቤታችን ሰምቼው አላውቅም። ሰዎቹ ማሽን ከካህን ስላልለዩ ብቻ አይመስለኝም። ማሽኑ ውስጥ ያሉትን እርስዎን የማይቆጡ ሆነው ስላገኙዎ ነው።

የተናገረችውን ልንገርዎ? ቢያውቁት ሊረዷት ይችላሉ።

ሩሐማ



ባሕር ዳር
መስከረም ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለሩሐማ

ዘመንን የሚያፈራርቅ ጌታ አዲሱን ዓመት ይባርክልሽ።

አትንገሪኝ።

እኔ ክህነት አለኝ፤ አንቺ የለሽም። ነገር ግን ያ ቃል ለንስሐ አባት ተብሎ የተነገረ ነው፤ የሰማው ጆሮም በእርሱ ይታሰራል። በሥራ ታዝዤ ነው ማለት አይፈታሽም። ለባልንጀራሽ፣ ለኃላፊሽ፣ ወደፊት ለምታገቢውም ሰው፣ ለእኔም ጭምር አታውጪው። አብረሽው ትኖሪያለሽ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የምሸከመውን ዐይነት መሸከምሽ ነው። ከባድ መሆኑን ስለማውቅ አዝንልሻለሁ።

በድፍረት ስለ ጻፍሽው ነገር ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልሁት ተቀይሜ ነበር። ከዚያ ቅያሜዬን መረመርሁት፤ ሐሰት ነው የምልበት ቦታ አጣሁ። ተጨማሪ አልልም።

ወደ ክንዱ ቤት ሄጄ ነበር። ከአጥር ውጭ ቆሜ ሳለሁ ውሻውን አላሰረም። ወደ ዱርቤቴ ግን አልሄድሁም። ያልሰማሁትን በደል እንዴት ይቅር በዪኝ እላለሁ? ያልሠራሁትንስ? ቃሉን ሳስተካክል፣ ስጽፍና ስሰርዝ አለሁ። ማታ የጀመርሁትን ጠዋት እቀድደዋለሁ። በቅዳሴ ላይ ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው እየመሰለኝ ዜማውን ለሌሎች ተውሁ።

ወልደ ሐዋርያት



ደብሊን
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ሌላ ጊዜ በሙላት አቀርባለሁ።

ሸጊቱ እንደገና ደወለች። ይህ ንስሐ አይደለም፤ ጥያቄ ነው፤ የተጠየቁትም እርስዎ ስለ ሆኑ ልነግርዎ ይገባኛል። «አባቴ፣ ለምን ነገሩብኝ?» አለች። ማሽኑ፣ «ልጄ፣ አልሰማሁሽም፤ ድገሚልኝ» አላት፤ በእርስዎ ድምፅ፣ በዚያው ልስላሴ። ደገመችው። እንደገና «ድገሚልኝ» አላት። ደገመችው። ከዚያ ዝም አለች፤ ማሽኑም ብቻውን «ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ» ሲል ቆይቶ ስልኩ ተቋረጠ።

ቀረጻውን ለኃላፊዬ አሰማኋት። ትርጉሙን ስነግራት ተነሥታ ከክፍሉ ወጣች። ድምፅዎ ከኅዳር መባቻ ጀምሮ ይወጣል፤ በምትኩ የሴት ድምፅ ይገባል፤ ማሽን መሆኑንም አስቀድሞ ይናገራል። መዝገቡ ግን እዚያው አለ። እኔ ከአሁን ወዲያ የማንንም ድምፅ ላለማዳመጥ ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ጠይቄያለሁ።

የማውቀውን አልነግርዎትም፤ እንዳዘዙኝ። ይህን ብቻ እላለሁ፤ ቃሉ እስኪስተካከል አይጠብቁ። ይሂዱ። ዛሬውኑ ይሂዱ።

ሩሐማ



ባሕር ዳር
ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

የሸክም ጓደኛዬ የሆንሽ ልጄ፣ የሚያዝኑትን የማይረሳ አምላክ በዚያ ብርድ ውስጥ ልብሽን ያሙቀው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ልነሣ ስል መንገዱ ተዘጋ። እንደ ተከፈተ በመጀመሪያው መኪና ወደ ዱርቤቴ ሄድሁ። የእኅቷን ቤት ገበያተኛ አሳየኝ። እኅቷ ወጥታለች፤ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ወልደ ሐዋርያት።»

«የትኛው?» አለች።

«ሸጊቱ፣ ስሚኝ፤ እኔ እኮ...» ብዬ ስጀምር ከውስጥ ጮኸች።

«ዝም ይበሉ! ይኸንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሁሉን ያስወጣኝ እሱ ነው። ስልኩ ዝም አይልም። እኔ ዝም ስል ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ ይለኛል። እርስዎ ከሆኑ ዝም ይበሉ!»

በመኪናው ውስጥ ያሰናዳሁትን ቃል ሁሉ ዋጥሁት። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ዝምታ ለእኔ ከጾም ይልቅ ይከብዳል፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገደኛ «እንደምን ዋሉ አባታችን» ብሎ ሰላም ሲለኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «የባሕር ዳር ቄስ ሰላምታም በክፍያ ሆነባቸው?» ስትል ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠርቼ እገሥጻት ነበር። ፀሐዩ ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያም ከእኔ ዞረ። በውስጥ አንዳንዴ እርምጃዋ ይሰማኛል፤ ወደ በሩ ትመጣለች፤ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ድንገት፣ «አሉ?» አለች። አለሁ ማለት ፈልጌ አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። በመስቀሌ እጀታ በሩን አንድ ጊዜ ብቻ መታ አደረግሁ።

መወርወሪያው ተነሣ።

በጣም ከስታለች። መቃኑን ይዛ ቆማ አየችኝ። ከዚያም ከጎኔ፣ ከመሬቱ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከድንጋዩ ወርጄ ተቀመጥሁ። የነገረችኝን አልጽፍልሽም። ከዚህ ቀደም በሰማሽው ቃል ትንገረኝ፣ በሌላ ቃል፣ እሱንም አላውቅም። የማውቀው አለማቋረጤን ነው። ስትጨርስም ልገሥጽ አልቸኮልሁም።

በማግሥቱ ጠዋት አብረን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። የመዝገቡን ነገር አልተውሁትም፤ ከኩባንያችሁ ጋር ገና እከራከራለሁ። ለክንዱም ሽማግሌ ልኬያለሁ፤ መልሱ አልመጣም። የዚያን ቀን ግን የቸኮልሁት ለመድኃኒቱ ነበር። ነርሷ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ አየችንና ወደ እኔ ዞራ፣ «አባት፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለች።

በአንበሳሜ ንስሐ አወጣ ከተባልሁ ወዲህ ያን ስም በራሴ አፍ መጥራት አልቻልሁም ነበር።

«የንስሐ አባቴ ናቸው» አለች ሸጊቱ።

አጎትሽ ወልደ ሐዋርያት